ሦስት ጊዜ «የለም» ያልኩበት ጥያቄ

ስሜን አልጽፍም። አሶሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ግማሹ ሰው ሁለተኛውን አንቀጽ ሳይጨርስ ማን እንደሆንኩ ይደርስበታል፣ የቀረው ደግሞ ባጃጅ ውስጥ ይነገረዋል። ይሁን። መጀመሪያ ላይ ከሕመሜ ታሪክ ለሌላ ሰው የሚጠቅመውን ብቻ ለይቼ ልጽፍ ሞክሬ ነበር። አልሆነልኝም። የሚጠቅመው ክፍል ያው የሚያሳፍረኝ ክፍል ሆኖ አገኘሁት።

ሃምሳ አምስት ዓመቴ ነው። ወላጆቼ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚህ የሰፈሩ ናቸው፤ እኔም ልጅ ሆኜ አብሬያቸው መጣሁ። የምሠራው አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ መዝገብ ቤት ነው። ደብዳቤ ይመጣል፣ ቁጥር እሰጠዋለሁ፣ ማን እንደላከውና ለማን እንደሆነ እመዘግባለሁ፣ ፋይሉ ውስጥ አስገባዋለሁ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ደብዳቤ ጠፋባት ተብሎ አያውቅም። ባልደረቦቼ ከኋላዬ «የጾም ፖሊስ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ረቡዕ ቀን ማኪያቶ ይዞ ያገኘሁትን ሰው ምንም አልለውም፤ አየዋለሁ እንጂ። ሲኒውን ራሱ ያስቀምጠዋል። በዚህም ደስ ይለኝ ነበር፣ ምን ልዋሽ።

አንዲት ልጅ አለችኝ፤ ሰላማዊት። ያገባችው ሐሚድን ነው። ሐሚድ የበርታ ብሔረሰብ ተወላጅ ነው፣ ሙስሊም ነው፣ የሒሳብ መምህር ነው፤ ክፉ ቃል ከአፉ ሲወጣ ሰምቼ አላውቅም። ሠርጋቸው ላይ አልሄድኩም። ከዓመት በኋላ ሽማግሌ ገብቶ መጠያየቅ ጀመርን፤ ቤቷ እሄዳለሁ፣ ግን አልቀምስም። የምጠጣውን ውኃ እንኳ በፕላስቲክ ጠርሙስ ከቤቴ ይዤ ነበር የምሄደው። ልጄ ብርጭቆ አጥባ ፊቴ ታስቀምጣለች፣ እኔ ቦርሳዬን ከፍቼ ጠርሙሴን አወጣለሁ። የሐሚድ እናት ዘይነባ እዚያው ግቢ ሌላ ክፍል ውስጥ ትኖራለች፤ ገበያ ላይ ካርካዴና የደረቀ ባሚያ ትሸጣለች። ጠርሙሴን ባየች ቁጥር ፈገግ ብላ ወደ ሌላ ሥራዋ ዞር ትል ነበር።

ሁዳዴና ረመዳን በገጠሙበት ዓመት ነው ነገሩ የተጀመረው። ሰላማዊት ወባ ይዟት ተኝታለች ብለው ደወሉልኝና ከቤተ ክርስቲያን በቀጥታ ወደ እሷ ሄድኩ። እህል የቀመስኩት ትናንት ማታ ነበር። ልጄ ለማፍጠሪያ ዶሮ ጥዳ፣ ወጡ ሳይደርስ ብርድ ብርድ ብሏት ብርድ ልብስ ውስጥ ገብታለች። «እማዬ፣ እንዳያርብኝ አማስይልኝ» አለችኝ። ገባሁ፣ ማማሰል ጀመርኩ። ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ሐሚድ ገና ከሥራ አልመጣም።

ምን እንደነካኝ እስካሁን ለራሴ ማስረዳት አልቻልኩም። ርቦኝ ነበር፤ ግን ርቦኝ ያውቃል፣ ያኔ የመጀመሪያዬ አይደለም። ዶሮውን ያረደው ሐሚድ ነው፣ ጾሙ ሁዳዴ ነው፣ ቤቱ ውኃ እንኳ የማልጠጣበት ቤት ነው። ይሄን ሁሉ እያወቅኩ ክንፉን በጭልፋ አወጣሁና ቆሜ፣ በእጄ፣ እያቃጠለኝ መብላት ጀመርኩ። ግማሽ ላይ ስደርስ የነጠላ ጫማ ኮቴ ከግቢው ወደ ማድ ቤቱ መጣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ። ጀርባዬን ሰጥቼ አፌ ውስጥ ያለውን ሁሉ ከነአጥንቱ በአንድ ጊዜ ልውጥ ስል ትን አለኝ። ዓይኔ እስኪፈስ፣ ምድጃውን ይዤ እስክንበረከክ ድረስ አሳለኝ። ቀና ብዬ ሳይ በሩ ላይ ማንም የለም። የተረፈውን አጥንት በወረቀት ጠቅልዬ ቦርሳዬ ውስጥ፣ ከጠርሙሴ አጠገብ ከተትኩትና ስወጣ መንገድ ላይ ጣልኩት።

ሦስት ቀን አሳለኝ፤ ከዚያ ተወኝ። እግዜር ማረኝ ብዬ ዝም አልኩ። ከወር ተኩል በኋላ ሳሉ ተመለሰ። አሁን ግን ሲያስለኝ ደረቴ ውስጥ ሲር ይላል፣ ቀኝ ጎኔን ከታች በኩል ይወጋኛል፣ ትኩሳት ይመጣብኛል። ጤና ጣቢያ ስሄድ የማኅበር እህቴ አስካለ አብራኝ ነበረች። ነርሱ ጎበዝ ልጅ ነው፤ አዳምጦኝ ሲያበቃ፣ ቀኝ በኩል ብቻ ነው የሚሰማኝ አለና ሲበሉ ወይ ሲጠጡ ትን ያለዎት ነገር ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አስካለ አጠገቤ ተቀምጣለች። የአስካለን ምላስ አሶሳ ሁሉ ያውቀዋል። የለም አልኩ።

የመጀመሪያው እሱ ነው።

አስም ሊሆን ይችላል ተባለና የሚነፋ መድኃኒት ተሰጠኝ። አልተሻለኝም። ክረምት ላይ የሳንባ ምች ነው ተብሎ መርፌ ተወጋሁ፤ ሁለት ሳምንት ደህና ሆንኩና ያው ቦታ ላይ ተመለሰ። እንደገና መድኃኒት፣ እንደገና ሁለት ሳምንት። ተመላላሽ ታካሚ መቀመጫ ላይ ስንት ቀን እንደዋልኩ አላስታውስም። እንግዳ አገር የመሰለኝ ቦታ ነበር። ከሸርቆሌ በሚኒባስ የመጡ ስደተኞች አሉ፣ ከባምባሲ የመጡ ገበሬዎች አሉ፤ አንዱ ለሌላው ያስተረጉማል። አንድ ቀን ሳሉ ሲበረታብኝ አጠገቤ የተቀመጡት ሰዎች አንድ በአንድ ተነሥተው ራቁኝ። አንዲት ልጅ ያዘለች ስደተኛ ግን አልተነሣችም። ቋንቋ አልተግባባንም፤ ሳሌ እስኪያባራ በካርዷ ስታራግብልኝ ቆየች። ያቺን ሴት እስካሁን አልረሳኋትም።

ራጅ ተነሣሁ፤ ቀኝ ሳንባዬ ላይ ከታች ጥላ አለ አሉ። ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ጥያቄ ታበዛለች። ከጥያቄዎቿ አንዱ ያው ነበር፤ ምግብ ወደ ተሳሳተ መንገድ ሄዶብሽ ያውቃል ወይ አለችኝ። ሰላማዊት ወንበሬን ተደግፋ ቆማለች። ልጄ ፊት፣ ከድስትሽ ሰርቄ በላሁ ልበል? ሠርግሽን የናቅሁብሽ እኔ፣ ብርጭቆሽን የተጸየፍኩት እኔ? የለም አልኩ። እንዲያውም ትንሽ ቆጣ ብዬ ነው ያልኩት፣ እንድትተወኝ።

አክታዬ ተመረመረ፤ የቲቢ ጀርም አልተገኘበትም። ግን ሰውነቴ አልቋል፣ ያልበኛል፣ ጥላው አልሄደም፤ ስለዚህ ጀርሙ ባይታይም የቲቢ መድኃኒት ጀምሪ ተባልኩ። ስድስት ወር። ሽንቴ እንደ ሚሪንዳ ቀላ። ሐኪሞቹን አልወቅስም፤ በነገርኳቸው ልክ ነው ያከሙኝ።

አሁን ከዶሮው የባሰውን ልናገር ነው። ቲቢ የተባለ ሰው ሲገኝ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቤት መጥታ አብሮሽ የሚያስል ሰው አለ ወይ ብላ ትጠይቃለች። የልጄ አማት ታስላለች አልኩ። እውነት ነው፣ ዘይነባ ታስላለች፤ ዕድሜ ልኳን በእንጨት ጭስ ያበሰለች ሴት ናት። እዚያ ላይ ባበቃ ጥሩ ነበር። እኔ ግን ማኅበር ላይ፣ አስካለና ሌሎቹ ከየት አመጣሽው ብለው ሲያዝኑልኝ፣ «ከእነዘይነባ ግቢ ነው እንጂ ከየት አመጣዋለሁ» አልኩ። አፌን ሞልቼ። አስካለ ስትወጣ ነጠላዋን አላስተካከለችም፣ ለመናገር ቸኩላ።

ዘይነባን ሁለት ጊዜ አክታዋን መረመሯት። ንጹሕ ናት። ግን ገበያ የላብራቶሪ ወረቀት አያነብም። ካርካዴዋን የሚገዙት ሰዎች ሸሿት። መጀመሪያ ጎረቤት ሻጮቹ ትንሽ ራቅ በይልን አሏት፤ ቆይተው ወደ ዳር፣ በርበሬ ከሚፈጭበት ጀርባ ገፏት። ሰላማዊት ይሄን እያለቀሰች ነገረችኝ። «እማዬ፣ አንቺ አልሽ እያሉ ነው» አለችኝ። አላልኩም አልኩ። ከዚያ ቀን በኋላ ልጄ እየመጣች መድኃኒቴን ታውጠኝ ነበር እንጂ እንደ ቀድሞው አታወራኝም።

ሁለተኛው ሁዳዴ ሲመጣ የንስሐ አባቴ፣ ታመሻል፣ ጹሚ አልልሽም ብለው ፈቀዱልኝ። እንቢ አልኩ። አጥንቴ እስኪታይ ከስቼ ሽሮ በላሁ። ማኅበሩ ላይ፣ ታማ እንኳ አልፈሰከችም፣ እዩዋት ተብዬ ለወጣት ሴቶች ምሳሌ ተደረግሁ። አንገቴን ደፋሁ፤ ትሕትና መሰላቸው።

ስድስት ወር የቲቢ መድኃኒት ጨርሼ አንድ ጠዋት መሃረቤ ላይ ደም አየሁ። ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ሐሚድ ይዞኝ ሄደ። ሲቲ ስካን ማለት ራጅ ነው፤ ግን በቀለበት ውስጥ አስተኝተው ዙሪያውን እያነሡ ሰውነትን እንደ ዳቦ ቆርሰው የሚያሳዩበት ራጅ ነው። ፎርሙን የሚሞላው የራጅ ባለሙያ መድኃኒት ይቆጣሽ እንደሆነ፣ ብረት ሰውነትሽ ውስጥ ካለ እያለ ሲጠይቀኝ መጨረሻ ላይ ያው ጥያቄ መጣ። ሐሚድ ቦርሳዬን ታቅፎ አጠገቤ ቆሟል። ያንን ዶሮ ያረደው በገዛ እጁ ነው። ባለሙያው ጥያቄውን ሳይጨርስ የለም አልኩት። ጻፈው።

ውጤቱ ሲነበብ፣ ወደ ቀኝ ሳንባዬ ታችኛው ክፍል የሚወስደው የአየር ቧንቧ ጋ ነጭ፣ ጠንካራ፣ ሽምብራ የምታክል ነገር አለች ተባለ። ምናልባት በቆየ ቲቢ የደረቀችና ካልሲየም የያዘች ዕጢ ናት፤ ሌላ ዓይነት፣ ክፉ ዓይነት ዕጢ ላለመሆኗ ግን ማረጋገጫ የለም። ከእሷ በታች ያለው የሳንባ ክፍል አየር አጥቶ ተጨማዷል፣ መግልም ይዟል። ስለዚህ ያንን ክፍል በቀዶ ሕክምና አውጥቶ መጣል ይሻላል አሉኝ። ደረቴን ከፍተው ሳንባዬን ሊቆርጡ ነው። ቤት ገብቼ ሰላማዊት ጭኔ ላይ ጭንቅላቷን አድርጋ ስታለቅስ፣ አሁን ንገሪያት አለኝ ልቤ። ክንፉ ትዝ አለኝ። እውነቱን ልናገር፣ ትዝ ያላለኝ ጊዜ አልነበረም። ግን አጥንት ዓመት ሙሉ ሳንባ ውስጥ ይቀመጣል ብዬ አላስብም እያልኩ ራሴን አሳምን ነበር። ሳንባዬ ቢቆረጥ ይሻለኛል፣ ዝም ልበል አልኩ።

ሐሚድ ዝም ብሎ አልተቀመጠም። ስልኩ ላይ ሲያነብ ከረመና አዲስ አበባ አንድ የግል ማዕከል ውስጥ አዲስ ዓይነት ሲቲ ስካን እንዳለ ደረሰበት። «እማማ፣ ከመቆረጥዎ በፊት አንዴ በእሱ ይታዩ» አለኝ። መንገዱ አያስተማምንም ብሎ በአውሮፕላን ወሰደኝ። መስኮት ዳር አስቀምጦ፣ ሲያስለኝ ጀርባዬን እየደገፈ። ስሟን ያጠፋሁባት የዘይነባ ልጅ ነው፣ ይሄን እያሰብኩ እስክንደርስ ዓይኔን ጨፍኜ የተኛሁ መሰልኩ።

ማዕከሉ ውስጥ ያገኘሁት የራጅ ባለሙያ ነገር ማስረዳት የሚወድ ሰው ነበር፤ ሐሚድም መጠየቅ ይወዳል። ማሽኑ ከውጭ ሲታይ ያው ቀለበት ነው። ታዲያ ምኑ ነው አዲስ ብሎ ሐሚድ ጠየቀው። ልዩነቱ ጨረሩን ወዲያ ማዶ ሆኖ የሚቀበለው ክፍል ላይ ነው አለ፤ ዲቴክተር ይሉታል። በተለመደው ማሽን ጨረሩ ሰውነትን አልፎ ክሪስታል ላይ ያርፋል፣ ክሪስታሉ ብርሃን ይሰጣል፣ ብርሃኑ ደግሞ ወደ ኤሌክትሪክ ይለወጣል፤ ደካማውም ብርቱውም ጨረር አንድ ላይ ተደምሮ ነው የሚለካው። ክሪስታሎቹ መሐል ግድግዳ ስላለ በጣም ትንንሽ አድርጎ መሥራት አይቻልም። በዚህ የተነሣ እንደ አጥንት ያለ ነጭና ጠጣር ነገር ከመጠኑ በላይ አብጦ ይታያል፣ ጠርዙ ይደበዝዛል። በአዲሱ ግን መሐል ላይ ብርሃን የለም። እያንዳንዷ የጨረር ቅንጣት በቀጥታ ወደ ኤሌክትሪክ ትለወጥና አንድ በአንድ ትቆጠራለች፤ ጉልበቷም አብሮ ይያዛል።

እስከዚያ ድረስ ዝም ብዬ ስሰማ ነበር። ሥራዬ ሆነና ገባኝ። «አንደኛው የመጣውን ደብዳቤ በጆንያ መዝኖ ይቀበላል፣ ሌላው ደብዳቤ በደብዳቤ መዝግቦ ነው የሚቀበለው» አልኩት። ሳቀና፣ ከዛሬ ጀምሮ ለታካሚ የማስረዳው እንዲህ ብዬ ነው አለ። ከዚያ ግን፣ የተለመደውን አትናቁት፣ ለአብዛኛው በሽታ ይበቃል አለን። አዲሱ ጥቂት ቦታ ብቻ ነው ያለው፣ ውድም ነው፤ ጥቃቅን ነገር ላይ ነው ይበልጥ የሚጠቅመው። የትኛውም ማሽን ቢሆን ምን እንደሚፈለግ ለሚያውቅ ሰው የበለጠ ያሳያል አለ። እኔ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ያቺ የጆንያ ነገሬ ስለተወደደችልኝ። ተኝቼ ቀለበቱ ውስጥ ስገባ ግን አንድ ነገር ወጋኝ። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ ደብዳቤ ያልጣልኩ ሴት፣ አንዷን ደብቄ ሦስት ቦታ አልመጣችም ብያለሁ።

በማግስቱ ምስሉን የሚያነበው ዶክተር ጠራን። ሁለት ስክሪን ነበረው። በአንዱ ከመጀመሪያው ማሽን በሲዲ ይዘነው የመጣነውን ከፈተ፣ በሌላው የትናንቱን። በመጀመሪያው ላይ ያቺ ሽምብራ አለች፤ ነጭ፣ ክብ መሰል፣ ጠርዟ ጥጥ የመሰለ። በአዲሱ ላይ ያው ቦታ ላይ ያለው ነገር ሽምብራ አልነበረም። ቀጭን ነው። ጎበጥ ያለ ነው። ዳርና ዳሩ ነጭ፣ መሐሉ ክፍት ነው። እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ሳየው ግን ምን እንደሆነ አወቅኩ። ሐሚድም ጠጋ ብሎ አየ።

ዶክተሩ የመጀመሪያውን ሆስፒታል ወረቀት አነሣና ለራሱ የሚያነብ ይመስል ድምፁን ዝቅ አድርጎ አነበበ። «ታካሚዋ ተጠይቀው፣ ሲበሉ ትን ብሏቸው እንደማያውቅ ገልጸዋል።»

ፋይል ውስጥ የገባ ነገር ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም። ሳንባዬን ሊያስቆርጠኝ የነበረው ያ መስመር ነው፣ ያስጻፍኩትም እኔ ነኝ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ሐሚድን ውጣልኝ አልኩት። ወጣ። ለዶክተሩ ክንፉን ነገርኩት። ጾሙን፣ ቤቱን፣ ኮቴውን ሁሉ። ሰው ፊት ስናገረው የመጀመሪያ ጊዜዬ ነበር፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ፊቴ ፍም ሆኖ ይሰማኝ ነበር። አልሳቀብኝም፣ አልተቆጣኝምም። ወደ መጀመሪያው ምስል ተመልሶ በጣቱ ነካውና፣ «ይሄም አልዋሸም ነበር እኮ» አለኝ። «ትን ብሏቸዋል የሚል አንድ ቃል ቢኖር፣ ይሄንኑ ሲያይ ማንም ሐኪም አጥንት ይጠረጥር ነበር።»

ደረቴ አልተከፈተም። አስተኝተውኝ በአፌ ቀጭን ካሜራ አስገብተው፣ ዙሪያው ሥጋ ያበቀለበትን አጥንት በመቆንጠጫ አወጡት። ስነቃ የተሰማኝ የጉሮሮ ቁስለት ብቻ ነበር። በትንሽ ብልቃጥ አድርገው ሰጡኝ፤ ከጣቴ ጥፍር አትበልጥም። ሳንባዬ ቀስ በቀስ አየር እየያዘ መጣ። የተጎዳው ሁሉ አልተመለሰም፤ ዳገት ስወጣ አሁንም ቆም ማለት አለብኝ። ግን ሙሉ ነኝ፣ አልተቆረጥኩም።

ስንመለስ አውሮፕላን ውስጥ ለሐሚድ ራሴ ነገርኩት። ረጅም ጊዜ ወንበሩ ኪስ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሲያጥፍና ሲዘረጋ ቆየ። «ዶሮው የእርስዎም ነበር፣ እማማ» አለ በመጨረሻ። «እናቴን ግን ሄደው ቢያናግሯት ይሻላል።» ለሰላማዊት ስነግራት አልጮኸችም፤ እጄን ይዛ፣ ዓመት ሙሉ ይሄን ብቻሽን ተሸከምሽው አለችና አለቀሰች። የንስሐ አባቴም ስለ ክንፉ ብዙ አልተቆጡኝም። ስለ ምላሴ ግን ያሉኝን እዚህ አልጽፈውም፤ የሚገባኝ ነበር።

የምመክረውን እዚህ ላይ ልበልና የቀረኝን ልጨርስ። ማሽኑ እየረቀቀ ይሄዳል፤ ደስ ይላል፣ እኔን አድኖኛል። ግን ሐኪም ሲጠይቃችሁ አጠገባችሁ ያለው ሰው ካሳፈራችሁ፣ እባካችሁ ይውጣልኝ በሉ። መብታችሁ ነው። ልጃችሁም ቢሆን፣ ባላችሁም ቢሆን፣ አስካለም ብትሆን። ያቺን አንዲት ዓረፍተ ነገር እኔ ጤና ጣቢያው ወንበር ላይ ብላት ኖሮ ይሄ ጽሑፍ ባልኖረ ነበር።

ቅዳሜ ቀን አስካለን ይዣት ገበያ ሄድኩ። ሆን ብዬ ነው አስካለን የወሰድኳት፤ ስም ያጠፋሁት በእሷ አፍ ነው፣ እንዲጸዳም የፈለግኩት በእሷው አፍ ነበር። ዘይነባ በርበሬ ወፍጮው ጀርባ፣ አቧራው ውስጥ፣ ማዳበሪያ ላይ ባሚያዋን ዘርግታ ተቀምጣለች። የሚገዛት ሰው አልነበረም። ስታየኝ ለመነሣት ሞከረች፤ እኔ ቀድሜ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ብልቃጡን አውጥቼ ሁሉንም ነገርኳት፤ ቲቢ እንዳልነበረኝ፣ ከግቢያቸው ምንም እንዳላመጣሁ፣ ያሳለኝ ሰርቄ የበላሁት የዶሮ አጥንት እንደነበረ። አስካለ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቆማለች።

ዘይነባ አማርኛው ብዙም አይሆንላትም፤ ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የምትለው፣ ስለ ራሷም «እኔ ሄደ» ነው የምትለው።

«እኔ አውቃለሁ» አለችኝ። «ያ ቀን እኔ በር ላይ ነበር። አንተ ዶሮ በላ። እኔ ተመለሰ።»

ኮቴው የእሷ ነበር። ይሄን ሁሉ ጊዜ፣ ቲቢ አስያዘችኝ ስላት፣ ደንበኞቿ ሲሸሿት፣ ወደዚህ አቧራ ሲገፏት፣ ታውቅ ነበር። ለምን አልተናገርሽም አልኳት።

«አንተ ጾም ነበር» አለች። «ሰው ቢሰማ አንተ ያፍራል።»

ከዚያ ብልቃጡን ከእጄ ወስዳ ወደ ብርሃን ከፍ አድርጋ አየችው። ይሄ ነው ያ ሁሉ ሳል ብላ ጠየቀችኝ። ይሄ ነው አልኳት። ፊቷ ተለወጠ። ያሰበችው ነገር ምን እንደሆነ የገባኝ ስትናገር ነው።

«እኔ ያኔ ለሐሚድ ቢናገር፣ ሐኪም ቶሎ ያገኘው ነበር» አለች። እጇን ጉልበቴ ላይ አደረገች። «እኔ ዝም አለ፤ አንተ ታመመ። አፉ በለኝ።»

ይቅርታ ልጠይቃት የሄድኩት እኔ ነበርኩ። እንባዬን በነጠላዬ ጠረግሁ። አስካለ አጠገቤ ቁጭ አለች። ዘይነባ እንባዬን ስታይ ሳሌ የተነሣብኝ መስሏት ነው መሰለኝ፣ ከፔርሙዟ ካርካዴ በብርጭቆ ቀድታ ሰጠችኝ። ጠርሙሴ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። አላወጣሁትም፤ ከእሷ ብርጭቆ ጠጣሁ።